ዓርብ፣ አሥር ሰዓት ከአርባ

በሰው ሠራሽ እግር መሥሪያው ውስጥ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «አለሁ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ማተሚያው ወረቀት ቢነክስ፣ ኢንተርኔቱ ቢንቀራፈፍ፣ አንዱ የይለፍ ቃሉን ቢረሳ፣ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት «አለሁ፣ አለሁ» እያለ ከወንበሩ ይነሳል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራውን ይወዳል። ከሥራው አብልጦ የሚወደው ግን ምስጋናውን ነበር፤ ይህንንም ከእሱ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

የኮምፒውተሩ ጉዳይ ሁሉ በእሱ እጅ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ከጄሶ ክፍሉ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ሰርቨር ነበር። ወደ ድርጅቱ የመጣ ሰው ሁሉ የተቆረጠው እግሩ ቅርጽ በመለኪያ መሣሪያ ተነሥቶ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ጠራቢው አዲስ እግር ሲሠራ ቅርጹን ከዚያ አውጥቶ ነው ማሽኑን የሚያዘው። ሩቅ ያለ ሰው እግሩ ሲያረጅበት መንገድ ሳይደክም፣ በተቀመጠው ልክ ተሠርቶ ይላክለታል። በማደግ ላይ ያሉ ልጆች አጥንታቸው እንዴት እየሄደ እንደሆነ የሚታወቀውም የዘንድሮው ልክ ከአምናው ጋር ሲተያይ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልኬት በዚያች ሳጥን ውስጥ ነበር።

ሳጥኑ አራት ዲስኮች አሉት። አራቱን ሶፍትዌር አስተሳስሯቸው እንደ አንድ ሆነው ይሠራሉ፤ አንዱ ቢሞት የሱን ድርሻ ሦስቱ ይሸፍኑለታል። አለሁ ይህን ለሥራ አስኪያጇ ሲያስረዳ በቃሬዛ ነበር የመሰለላት። አራት ሰው በሽተኛ ተሸክሟል እንበል፤ አንዱ ቢደክመው ሦስቱ ይችሉታል፣ ሁለቱ ከለቀቁ ግን በሽተኛው መሬት ነው፣ አላት። እሷም ሁለተኛው እስኪለቅ ዝም ይባላል ወይ ብላ ጠየቀችው። «እኔ እዚህ እያለሁ?» ብሎ ሳቀ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጠራቢው ገና ካፖርቱን ሳይለብስ መጣና የአንድም ሰው ቅርጽ አልከፈት እንዳለው ነገረው። ሰርቨሩ ደርቆ ስላገኘው አጥፍቶ አብርቶትም ነበር። አለሁ ጠባቧ ክፍል ገብቶ ስክሪኑን ሲያይ፣ ማሽኑ በርቷል፤ ዲስኮቹ ግን አልተነሡም። ከአራቱ የሚታዩት ሁለት ብቻ እንደሆኑና በሁለት ደግሞ እንደማይሠራ የሚገልጽ አጭር መስመር ተጽፏል። ከዚያ ወደ ታች ሲመለከት ሳጥኑ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ወደ ፊት ወጥቶ ተቀምጧል፣ ወለሉ ደግሞ በቅርቡ የተወለወለ ነው።

ሰው ጥፋተኛ ሲፈልግ ዓይኑ ሩቅ አይሄድም።

ያን ክፍል የሚወለውሉት በድርጅቱ አሥራ ስድስት ዓመት ያገለገሉ፣ ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። እማማ የአለሁ ሚስት አክስት ናቸው። እናቷ ስትሞት ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ሲሆኑ፣ አሁንም አብረው አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። አለሁ ሥራ አጥቶ ቤት በዋለበት ዓመት፣ መወልወያቸውን በር ላይ አቁመው ሥራ አስኪያጇ ቢሮ በመግባት «የልጄ ባል ኮምፒውተር ያውቃል» ብለው የተናገሩለት እሳቸው ናቸው። ይህንን ውለታ አንድ ቀን እንኳ አንስተውበት አያውቁም።

ኮሪደሩ ላይ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ሰባት ተገልጋዮች ተራ ይጠብቃሉ። ከነሱ መካከል የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ ወፍራም ሰውዬ አለ። ሥራ አስኪያጇም ነገሩን ሰምታ ወጥታለች፤ ጠራቢውና ሁለት ረዳት ቴክኒሻኖች በር ላይ ቆመዋል። እማማ በኮሪደሩ ጫፍ ባልዲያቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ አለሁ ከሁሉም ፊት ጠራቸውና ያን ክፍል መቼ እንዳጸዱ ጠየቃቸው። ቅዳሜ ጠዋት እንደሆነ ነገሩት።

«እና ሳጥኑን ጎትተው ወለወሉ?»

«ሳጥኑን አልነካሁም» አሉ እማማ። «ወደ ፊት ወጥቶ ነው ያገኘሁት። ዙሪያውን ወለወልኩና ወጣሁ።»

«ካልነኩትማ በእግሩ ሄዷል ማለት ነው» አለ አለሁ።

ረዳቶቹ ሳቁ፤ ጠራቢውም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አግዳሚው ላይ ካሉት ሰዎች ደርሶ እዚያው ቀረ፤ እግር በሚጠበቅበት ቤት እንዲህ ያለ ቀልድ ቦታ የለውም። እማማ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። አለሁን አንድ ጊዜ አዩት፤ ቀጥለው ባልዲውን ከመንገድ ዳር አስጠጉ።

እሱ ግን ገና አልበቃውም። ሳጥኑን ከፈተና የሦስተኛው ዲስክ ኬብል ከመሰኪያው ወጥቶ እንደተንጠለጠለ ለሥራ አስኪያጇ አሳያት። «ይኸው፤ ሲገፉት ወጥቷል» አለ። እውነት ለመናገር በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎት ነበር። በሽታው ተገኘ፣ አምጪውም ተገኘ። ሥራ አስኪያጇ ፊቷን አጨፍግጋ፣ ነገሩ እስኪጣራ የክፍሉን ቁልፍ አስቀምጠው ዛሬን ቤታቸው እንዲውሉ ለእማማ ነገረቻቸው። እማማ ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ጣቶቻቸው በሳሙና ውኃ አብጠው ነበር። ማንም አላገዛቸውም። ቁልፉን መስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩና ሄዱ።

አለሁ ኬብሉን መልሶ ሰካ፤ ማሽኑን አስነሣ፤ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። አልተነሣም። አሁን አራቱም ዲስኮች ይታያሉ፣ ሶፍትዌሩ ግን «የማምነው ሁለቱን ብቻ ነው» እንደሚል ግትር ዳኛ እምቢ አለ። ደግሞ አጠፋ፣ አበራ። ያው ነው። ኬብል ቀየረ። ያው ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነበር። ሥራ አስኪያጇ በየሩብ ሰዓቱ በበሩ ብቅ ትላለች፤ እሱም ዘወር ሳይል «አለሁ፣ አለሁ» ይላታል።

መጠባበቂያ ቅጂ አለ ወይ ብላ ስትጠይቀው አለ አላት። አለ፤ ዓመት ከመንፈቅ የቆየ ቅጂ። ያን አልነገራትም።

በጭንቀቱ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ አንድ የማያውቀው ሰው የጻፈውን ምክር አገኘ። ዲስኮቹን እንደ አዲስ አስተሳስሮ መፍጠር ነው፤ «ለእኔ ሠርቶልኛል» ይላል። ትእዛዙን ፊደል በፊደል ገለበጠና ጣቱን የመጨረሻው ቁልፍ ላይ አሳረፈ። ጣቱ አልወርድ አለው። ዕውቀቱ ብዙ ባይሆንም ነገሩ ከተሳሳተ መመለሻ እንደሌለው ገብቶታል። ስልኩን አንስቶ ለመርፌ ደወለ።

መርፌ ድሮ ሌላ ቦታ አብራው የሠራች ሴት ናት። ቀጭን ስለሆነች ሳይሆን የጠፋ ነገር ከሣር ክምር ውስጥም ቢሆን ስለምታገኝ ነው እንዲህ ያሏት። አዝጋሚ ናት፤ አንድ ነገር ከመንካቷ በፊት አሥር ጊዜ ታነባለች። አለሁ በዚህ ሲቀልድባት ኖሯል። ነገሩን ሁሉ ሰምታ ስትጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ እስካሁን ዲስኮቹ ላይ የጻፈው ነገር እንዳለ ነበር። የለም አላት። ሊጽፍ የነበረውን ሲያነብላት አቋረጠችው።

«ትእዛዙን አጥፋው» አለችው። «እሱን ብትጫን ኖሮ የምትፈልገው ነገር አይኖርም ነበር። አሁን ምንም አትጻፍ። አንብብ ብቻ።»

ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀችው። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይደርስም፤ ማስጠንቀቂያ አልመጣልህም ወይ አለችው። አልመጣም አላት። ከአፉ እንዴት እንደወጣ ራሱም አላወቀም።

እያንዳንዱ ዲስክ በራሱ ላይ ትንሽ ማስታወሻ ይይዛል፤ እስካሁን ስንት ለውጥ እንደመዘገበና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ከጓደኞቹ ጋር እንደሠራ። መርፌ የአራቱንም ማስታወሻ አንድ በአንድ አውጥቶ እንዲያነብላት አዘዘችው። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ቁጥር አንድ ነው። ሦስተኛው ከነሱ በጥቂት አሥሮች ብቻ ያንሳል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው ዓርብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአርባ ነው ይላል። አለሁ ሰዓቱን ደግሞ አነበበው።

«አራተኛውስ?» አለች መርፌ።

የአራተኛው ቁጥር ከሌሎቹ በሺዎች ያንሳል። ቀኑን ሲያይ ማንበብ አልቻለም፤ መርፌ ሁለት ጊዜ «ሀሎ» አለች። በመጨረሻ አነበበላት።

«ይሄማ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው» አለች። «ታውቅ ነበር፤ አይደል?»

አልመለሰላትም። እሷም መልሱን በዝምታው ውስጥ እንዳገኘችው ገባው። አልሰደበችውም፣ አልመከረችውም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር ብሎ ያሰበው በኋላ ነው። የቀረውን ረጋ ብላ ነገረችው። አራተኛውን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ፤ ሰባት ወር የቆየ ነገር ይዞ ከገባ ደህናውን ያበላሻል። ሦስተኛው ወደ ኋላ የቀረው በጥቂቱ ስለሆነ፣ ሦስቱን ብቻ አንድ ላይ አስገድዶ ያስነሣቸው። ከተነሡ ማንም እጁን ሳያስገባባቸው መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጥ። እንዲህ ብላ ስልኩን ዘጋች።

አለሁ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዓርብ አሥር ሰዓት ከአርባ። ዓርብ ዕለት ከሰዓት በኋላ እንግዶች ይመጡ ነበር፤ ሥራ አስኪያጇ በአሥራ አንድ ሰዓት ፊልም ልታሳያቸው ፕሮጀክተር እንዲያዘጋጅ ነግራዋለች። የኤሌክትሪክ ዲቫይደር አጣ። ከሰርቨሩ ጀርባ ምንም ያልተሰካበት አንድ እንዳለ ትዝ አለውና እየሮጠ ገባ፣ ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ጎተተው፣ ዲቫይደሩን ነቅሎ ወጣ። ሳጥኑን ወደ ቦታው አልመለሰውም። መብራቱን እንኳ ያጠፋው በክርኑ ነበር። እማማ ቅዳሜ ጠዋት ባልዲያቸውን ይዘው ሲገቡ ኬብሉ ከወጣ ሌሊቱን ይዞ አሥራ አምስት ሰዓት አልፎታል።

ሰባት ወሩንም አስታወሰው። አንድ ጠዋት ሰርቨሩ ኢሜይል ላከለት፤ አራተኛው ዲስክ ከሥራ ወጥቷል ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት እለውጠዋለሁ አለ። ኢሜይሉ በየጠዋቱ መምጣቱን ቀጠለ። እንደ ነዝናዛ ጎረቤት በየቀኑ በሩን ሲያንኳኳበት ሰለቸውና፣ መልእክቶቹ ሳይታዩ በቀጥታ ወደ ሌላ ማኅደር እንዲገቡ አደረገ። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይሄ ነው። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ደግሞ «አራቱም ዲስኮች ደህና ናቸው» ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ ፈርሞበታል። ማኅደሩን ከፍቶ ቆጠራቸው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። አንዱም አልተነበበም።

እንደታዘዘው አደረገ። ሦስቱ ዲስኮች ለጥቂት ሰከንድ አጉረመረሙና ተነሡ። ጠራቢውን ጠርቶ የአንድ ልጅ ቅርጽ ሲከፍቱ፣ ትንሿ ጉልበት ስክሪኑ ላይ ቀስ ብላ ዞረች። ጠራቢው በእፎይታ ግንባሩን ያዘ። ወዲያው ወሬው ኮሪደሩን ሞላ። ሥራ አስኪያጇ ገብታ ትከሻውን መታ መታ አደረገችና ከሁሉም ፊት «አለሁ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» አለች። ረዳቶቹ አጨበጨቡ። ሹፌሩም ሳይቀር በክራንቹ ተደግፎ እስከ በሩ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ እጁ ይባረክ አለው።

መናገሪያው ጊዜ ያ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። አለሁ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን «ምንም አይደል» የሚል ነው። ማስታወሻውን ማንበብ የሚችል ከእሱ ሌላ በዚያ ቤት አልነበረም። ዓርብንና ሰባት ወሩን የሚያውቁት እሱና መርፌ ብቻ ናቸው፤ መርፌ ደግሞ የሰው ጉድ አታወራም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ማስላቱን ራሱ ሲታዘበው ፊቱን እሳት በላው።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ግልበጣውን ሲጠብቅ ማንም እንዳያናግረው ሥራ የበዛበት መሰለ። ቁልፉ መስኮቱ ደፍ ላይ እንዳለ ነው። ሁለት ጊዜ አየው፤ አላነሣውም።

ቤት ሲደርስ ገና አልመሸም። ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች። አክስቷ ዛሬ ራሳቸውን አሟቸው ቀድመው መምጣታቸውን፣ እስካሁን ክፍላቸው ጋደም እንዳሉ ነገረችው። ሌላ የሆነውን አታውቅም። አለሁ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሴትዮዋ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተዋርደው መጥተው፣ ለገዛ ልጃቸው እንኳ ባሏን አላሳጡትም። የሚስቱን ፊት ማየት አቃተው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው የሚባለውን ነገር እስከዚያን ቀን ድረስ እንደ አባባል ብቻ ነበር የሚያውቀው።

እማማ አልተኙም ነበር። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የቀሚስ ቁልፍ ይሰፋሉ። አለሁ በሩን ዘግቶ ቆመ። እየተንተባተበ ሁሉንም ነገራቸው፤ ዲቫይደሩን፣ ዓርብን፣ ኢሜይሎቹን፣ ጭብጨባውን። ሲጨርስ ይቅርታ ሊጠይቅ እግራቸው ሥር ዝቅ ሲል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«ተነሥ» አሉት። «ስድቡ በአደባባይ፣ ይቅርታው በጓዳ አይሆንም።»

«ነገ ለሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ ገብቼ እነግራታለሁ፣ አክስቴ።»

«ቢሮዋ ውስጥ ነው እንዴ የሰደብከኝ?» መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። «አሥራ ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ስሠራ ሰው ዕቃ ነካች ብሎኝ አያውቅም። የሳቁት ሰዎች ይስሙ። እኔም እመጣለሁ፤ ቆሜ እሰማለሁ።»

ሚስቱ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር። የታጠፈ ልብስ እንደታቀፈች ሁለቱን አየችና ተመለሰች። ያን ምሽት ከሁለት ቃል በላይ አላናገረችውም፤ ሁለቱም ስለ ልብሱ ነበሩ።

በማግስቱ አንድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። እማማ መስኮቱ ጋ፣ እሱ አጠገባቸው። መንገዱን ሙሉ «ተወው፣ ይቅር» ቢሉኝ እያለ ተመኘ። አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ወደ እሳቸው ዞረ፤ መስኮቱን እንዲዘጋላቸው ነበር። ለምን እንዲህ እንደተመኘ ሲያስበው ደግሞ ከትናንቱ የባሰ አፈረ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ እየሄደ እንኳ የሚያስበው ስለ ራሱ ፊት ነው።

ኮሪደሩ ላይ ጠራቢው፣ ረዳቶቹና ሥራ አስኪያጇ እስኪሰበሰቡ ጠበቀ። ሹፌሩ የአዲሱን እግር ልክ ሊሞክር አግዳሚው ላይ ነበር። እማማ የሥራ ልብሳቸውን አልለበሱም፤ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግድግዳው ጋ ቆሙ። አለሁ አውቶቡስ ውስጥ ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ ጠፋበት።

«ትናንት እማማን የከሰስኩት በሐሰት ነው» አለ። «ሳጥኑን ዓርብ ዕለት የጎተትኩት እኔ ነኝ። ዲስኩ ላይ ሰዓቱ ተጽፏል። ሌላኛው ዲስክ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው፤ እሱንም አውቃለሁ። ደህና ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ትናንት ስታጨበጭቡም ዝም አልኩ።» ከዚያ ወደ እማማ ዞሮ ይቅርታ ጠየቃቸው። ቃሉ አጭር ነበር፤ ከእሱ በላይ ቢል የሚያለቅስ መስሎት ነው፣ በማልቀስ ደግሞ ሰው እንዲያዝንለት አልፈለገም።

እማማ ጭንቅላታቸውን አንድ ጊዜ ነቀነቁ። ሰምቻለሁ ማለታቸው ነበር፤ ከዚያ የበለጠ አልሰጡትም።

ጠራቢው አንገቱን ደፍቶ «እኔም ስቄያለሁ፣ እማማ» አለ።

ሥራ አስኪያጇ ወደ ጠባቧ ክፍል፣ ከዚያም ወደ እሱ ተመለከተች። ኬብሉን ይቅር ልትለው እንደምትችል ፊቷ ላይ ይታያል፤ ሰው ሲቸኩል ይሳሳታል። «ሰባት ወር» ብቻ አለች፣ እንደማትናገረው ቋንቋ ቃል። የተፈረመበትን ሪፖርት አምጣ አለችው። ወደ ቢሮዋ ሲከተላት ሹፌሩ አግዳሚው ላይ ሆኖ ክንዱን ያዘው።

«የእኔ መኪና ቀይ መብራት ሦስት ሳምንት በርቶ ነበር» አለው። «የፍሬን ነው። ጨርቅ ጣል አደረግሁበት፣ ዓይኔን እንዳይወጋኝ።» ሊያጽናናው እንዳልፈለገ፣ ሊወቅሰውም እንዳልፈለገ ከድምፁ ያስታውቃል። ክንዱን ለቀቀውና ወደ ልኬቱ ዞረ።

ነገሩ ቀላል ሆኖ አላለፈም። አለሁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ በግል ፋይሉ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሰርቨሩ ማስጠንቀቂያ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለጠራቢውና ለሥራ አስኪያጇም ይደርሳል፤ በየወሩ መጨረሻ መርፌ መጥታ ዲስኮቹን ታያለች። የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ አለሁ ማስጠንቀቂያው መጥቶለት እንደነበር ነገራት። «ገብቶኛል» አለችና ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። አዲሱ ዲስክ ገብቶ ከሦስቱ ድርሻውን እስኪቀበል አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ፤ ያን ቀን ሙሉ ማንም «አለሁ» ብሎ አልጠራውም። አንዳንዶቹ በእውነተኛ ስሙ መጥራት ጀምረው ነበር፤ ከቅጽል ስሙ ይልቅ ያ ነው የከበደው።

እማማ ወደ ሥራቸው የተመለሱት በሦስተኛው ቀን፣ ሥራ አስኪያጇ ራሷ ቤት ድረስ መጥታ ቁልፉን በእጃቸው ካስጨበጠቻቸው በኋላ ነው። ሚስቱ አንድ ሳምንት አኮረፈችው። ስትታረቀውም ምክንያቷን አልሸፈነችበትም። «ብትሳሳት ግድ የለኝም። አክስቴን ግን ለምን መጀመሪያ ጠረጠርካት?» አለችው። ስሕተቱ ሁሉ ሲረሳ እንኳ ያቺ ጥያቄ ሻይ ሲጠጣ፣ ጥርሱን ሲቦርሽ፣ ድንገት ትመጣና ዓይኑን ታስጨፍነዋለች።

እማማ ቤት ውስጥ ክፉ ቃል አልተናገሩትም። እራት አብረው ይበላሉ፣ ዜና አብረው ያያሉ። ነገር ግን «ልጄ» ማለት ቀርቷል፤ የሚፈልጉትን ነገር በሚስቱ በኩል ነበር የሚያስነግሩት። እሱም አልጠየቀም። ይገባኛል ብሎ ተቀበለው።

ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ እማማ ስልካቸውን ይዘው መጥተው ሶፋው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ተቀመጡ። ፊደሉ እንዳነሰባቸው፣ መነጽሩም እንዳልረዳቸው ነገሩት። አለሁ ስልኩን ተቀበላቸው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ፊደሉን ካሳደገ በኋላ ግን ወዲያው አልመለሰላቸውም፤ ምን እንደነካ፣ የት እንደገባ፣ ደግሞ ቢያንስባቸው ወይም ቢበዛባቸው እንዴት እንደሚመልሱት አንድ በአንድ አሳያቸው። እሳቸውም በዝግታ እየደገሙ ሞከሩት።

ሌላዋ የእህታቸው ልጅ የላከችላቸውን መልእክት ከፍተው ጮክ ብለው አነበቡ፤ ልጇ ጥርስ አብቅሏል ትላለች። ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። አለሁ አንድ ነገር ሊል ፈለገ፣ ግን ነገሩን እንዳያበላሸው ፈራ። እማማ ከመነሣታቸው በፊት ሻይ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቁት፤ እሱም እኔ ላፍላ ብሎ ተነሣ።